አረቄና ስፔክትረም

መቼም ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜን አይረሳም። ቅደም ተከተሉ ተጽፎ ይሰጠናል፣ መልሱም አስቀድሞ ይታወቃል። እኛም የሲኒየር ሪፖርት ላይ ቀኑን ቀይረን እናስረክባለን። ስፔክትሮስኮፒ ሲሆን ይብሳል፦ 1700 አካባቢ ካርቦኒል፣ 3300 አካባቢ ሰፊው ኦኤች። ሸምድድ፣ ተፈተን፣ እርሳ!

እስቲ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ መጥቶ፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እናስብ። አረቄ ሲወጣ እያየ ያደገ ነው። ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ብልቃጦች ይሰጡት፤ አንዱ ኤታኖል፣ አንዱ ሜታኖል። «ዓይን የሚያጠፋው የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። በሽታ አይለያቸውም፤ የኢንፍራሬዱ ሰፊ ኦኤችም በሁለቱም ላይ አለ። ኤንኤምአር ላይ ግን ኤታኖል ሦስት ምልክት ይሰጣል፣ ሜታኖል ሁለት። የኤታኖልን ሦስቱን አርኖልድ፣ ዳርማቲና ፓካርድ ስታንፎርድ ላይ ለይተው ያሳዩት በ1951 እ.ኤ.አ. ነው።

«ማሽኑ የለማ!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ኤንኤምአር ውድ ነው (ፈሳሽ ሂሊየሙ ብቻውን ኪስ ያራግፋል)። የታተመ ስፔክትረም ግን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አራት ተማሪ ከቦት ይጨቃጨቅ፣ መምህሩም መልሱን ለሳምንት ይደብቅ፣ ከማርኩ ግማሹ ለክርክሩ ይሰጥ። ብልቃጡ በየዓመቱ ከተቀያየረ ደግሞ የሲኒየር ሪፖርት ምን ይሠራል?