«ንጹህ ጤፍ ነው» አትበሉኝ

ዋሽንግተን አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ ገዝቻለሁ። ሻጯ «ንጹህ ጤፍ ነው፣ ግሉተን የሚባል የለበትም» ብላኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ሌሊቱን በቁርጠት ስገላበጥ፣ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መውጣት አቅቶኝ ሥራ ሲረፍድብኝ ከረምኩ። በመጨረሻ ጋጋሪዋን ጠየቅኋት። እጇን በሽርጧ እየጠራረገች፣ በቅን ልብ፣ «የኔ እናት፣ ጤፍ ብቻውን እኮ እዚህ አገር ዓይን አያወጣም። ትንሽ ስንዴ ጣል እናደርግበታለን፤ እርሾውም ገብስ አለው» አለችኝ።

ሴሊያክ አለብኝ። ስሙን ያወቅሁት «ጨጓራ ነው»፣ «አሜባ ነው» እየተባልኩ ለዓመታት ኪኒን ከዋጥኩ፣ ደሜ አንሶ ደረጃ መውጣት ካቃተኝ በኋላ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ፈረንጆች ራይ የሚሉት እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ሆዴ ሲገባ የገዛ ሰውነቴ በትንሿ አንጀቴ ላይ ይዘምታል። ምግቡን የሚመጠው የአንጀቱ ግድግዳ ይላላጣል። ያን ጊዜ ብረቱም ቫይታሚኑም ሳይጠቅመኝ ያልፋል፤ አንጀቴ እስኪያገግም ወተት እንኳ አልስማማ ይለኛል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ግሉተንን ጨርሶ አለመብላት። አሜሪካ ውስጥ «ግሉተን የለውም» ተብሎ የሚለጠፍበት የታሸገ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም። «ትንሽ ጣል» የምትሉት ስንዴ ከዚህ ልክ ምን ያህል እንደሚያልፍ አስቡት።

ታዲያ ከእናቴ ጓዳ ምን ቀረልኝ? ድፎው ሄደ። በሶው፣ የገብስ ቆሎው፣ ቂንጬው፣ ጨጨብሳው ሄደ። በብቅል የተጠመቀው ጠላ ሄደ። የቀረችኝ ጤፍ ነበረች፤ እሷንም በውሸት ቀማችሁኝ!

መቀላቀሉን አልነቅፍም። ጤፍ ሲወደድ በገብስ፣ በማሽላ፣ በሩዝ አብቃቅታ ልጆቿን ያሳደገች እናት ክብር ይገባታል። ነውሩ የቀላቀሉትን ደብቆ «ንጹህ» ብሎ ገንዘብ መቀበል ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ በነበረ ጊዜ ስንቶቻችን ተቆጥተን ነበር! በፈረንጆቹ 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ሲሽርስ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ጤፍ ግሉተን የሌለው የኛ እህል ነው እያልን ለዓለም ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች፣ በዚያው ስም ስንዴ የሚሸጥልንን የራሳችንን ሰው ለምን በዝምታ እናልፈዋለን?

ዘመድም ከዚህ ወቀሳ አይድንም። ባለፈው ክርስትና ላይ አክስቴ ጉርሻዋን አፌ ድረስ አድርሳ «በሞቴ! አንዲት ጉርሻ ምን ታደርግሻለች?» አለችኝ። ድንኳኑ ሙሉ ያየኛል። «እቴቴ፣ ከወደድሽኝ አታጉርሺኝ» አልኳት፤ አኮረፈች። ያቺን አንዲት ጉርሻ ብውጣት ግን የምታመመው እኔ ነበርኩ። ፍቅራችሁን እፈልጋለሁ፤ በእንጀራው ውስጥ ያለውን ከነገራችሁኝ በኋላ።

እንጀራ ለምትሸጡ ሁሉ የምላችሁ ይህ ነው። ላስቲኩ ላይ ጻፉት። ስንዴ ካለበት ስንዴ፣ ገብስ ካለበት ገብስ በሉ። «ጤፍ ብቻ» ካላችሁ ደግሞ ቡሃቃውም፣ እርሾውም፣ ምጣዱም ለብቻው ይሁን። ዋጋው ይጨምራል ካላችሁ ጨምሩ፤ እከፍላለሁ። ሆዳችሁ ሰላም የነሳችሁ ደግሞ፣ ስንዴ ከመተዋችሁ በፊት ሐኪም የሴሊያክ የደም ምርመራ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ ቀድማችሁ ካቆማችሁ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል።

እውነቱን ንገሩን፤ የምንበላውን እኛ እንመርጣለን።