«ብርድ ነው» ሕክምና አይደለም!

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ «ዛሬ ጠዋት ስነሳ አንድ ጆሮዬ አልሰማ አለኝ» በሉ እስኪ። ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ አምስት «ሐኪም» ታገኛላችሁ። አንዱ «ብርድ ነው» ይላል። ሌላው «ኩክ ነው፣ ዘይት አሙቆ ጠብ ማድረግ ነው»። ሦስተኛዋ ጤና አዳም ታዛለች። አራተኛው ጠብታ ከፋርማሲ ያስገዛል። አምስተኛው የሁሉም አለቃ ነው፦ «ተዉት ባካችሁ፣ ጆሮ አይገድልም!»

እናላችሁ፣ ጠቤ ከአምስተኛው ጋር ነው። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸገራል። ጆሮ ባይገድልም ባጃጅ ይገድላል!

ድንገተኛ የመስማት ማጣት የሚባል ሕመም አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ የውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ይጎዳል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። ጉዳቱ ከታምቡሩ ማዶ ነው፤ ዘይቱም ጠብታውም እዚያ አይደርሱም። ጓዳ እየተቃጠለ በር ላይ ውሃ እንደመርጨት ማለት ነው።

እውነተኛዎቹን አማራጮች እናወዳድር። አንደኛው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ ኪኒን ነው። ሁለተኛው ስቴሮይዱን በታምቡሩ በኩል በመርፌ መስጠት ነው። የቱ ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በ250 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት መርፌው ከኪኒኑ እንደማያንስ አሳየ። መጠኑን መቆለልስ? በ2024 የወጣ የጀርመን ጥናት ከፍተኛው መጠን የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ ተናገረ። በከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ኦክስጅን ከስቴሮይድ ጋር ይታከላል እንጂ አይተካውም። ፀረ ቫይረስና የደም ሥር ማስፊያ መድኃኒቶች በዘልማድ እንዳይታዘዙ ደግሞ የ2019ኙ የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ መክሯል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዋናው ውድድር የኪኒንና የመርፌ አይደለም። የሁለተኛው ቀንና የሃያኛው ቀን ነው! ስቴሮይዱ የሚጀመረው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ላልተሻለው ሰው መርፌው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞከራል። እኛ ሁለቱን ሳምንት በዘይት እንጨርሳቸዋለን።

«በራሱ ይድናል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ያለ ሕክምና የሚሻላቸው ብዙ ናቸው። ስቴሮይዱም ዋስትና የለውም፣ ማስረጃው አሁንም ያከራክራል። ግን እናንተ ከሚሻላቸው ወገን መሆናችሁን ማን ነገራችሁ?

«ጸበልስ?» ተጠመቁ! አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ለጆሮ ሲሆን ለምን ይጣላሉ?

ኪኒኑን ግን ያለ ሐኪም እንዳትውጡ። ስኳር ያሻቅባል፣ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል።

እናንተ የፋርማሲና የክሊኒክ ሰዎች፣ ጠብታ ከማቀበላችሁ በፊት ታማሚውን «አፍህን ዘግተህ አንጎራጉር» በሉት። ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ካደላ መዘጋት ሊሆን ይችላል። ወደ ጤነኛው ካደላ ግን ነርቭ ነው ብላችሁ ጠርጥሩና በዚያው ቀን ወደ ጆሮ ሐኪም ላኩት። ምርመራው ነፃ ነው፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል!

ከፒያሳ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ ባጃጅ ይበቃል። ከዳባትና ከደባርቅ ለሚመጣ ገበሬ ግን መንገዱ የሥራ ቀኑን ይበላል። እሱን «ብርድ ነው» ብሎ የመለሰ ባለሙያ ገንዘቡንም ጆሮውንም ወስዶበታል።