አሠልጣኝ ያላገኘ ጉልበት

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ማለዳ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ቢመለከት፥ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው የሚሮጡ ልጆች ያያል። የሚሮጡት ደወሉ እንዳይቀድማቸው እንጂ ለሜዳልያ አይደለም። ማታም ያንኑ ዳገትና ቁልቁለት ይመለሱበታል። እኛም ከእነዚሁ ልጆች መካከል ነበርን። ስለዚህ በዛሬው ርእሰ አንቀጻችን የምንናገረው ከሩቅ የሰማነውን ሳይሆን በእግራችን የለካነውን ነው።

አባቶቻችን «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ይላሉ። በጸሎት ነገር ተረቱ እውነት ይሁን፤ በሩጫ ነገር ግን እኛ የምሥራቅ ጎጃም ሰዎች ማንጋጠጡን አብዝተነዋል። የሌላው አውራጃ ልጅ ሲያሸንፍ እልል እንላለን፤ ለራሳችን ልጅ ግን ሰዓት የሚይዝለት፥ አረማመዱን የሚያይለት፥ «ዛሬ ዕረፍ» የሚለው ሰው አላቆምንለትም።

ይህን ስንል «ሯጭ ይወለዳል እንጂ አይሠራም» የሚለን አይጠፋም። በዚህ አባባል ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቆረቆሩ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊትም ይህን ጕድለት ሲያገኝ አንድ ሆርሞን ወደ ደም ይለቅቃል፤ በሆርሞኑ የተቀሰቀሰው መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ይሠራል፤ ደሙም ኦክስጅንን አብዝቶ ይሸከማል። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፥ ከእኛ ይበልጥ ከፍ ባለ ተራራ ላይ የሚኖሩት የቦሊቪያና የኔፓል ሰዎች የኦሎምፒክን ማራቶን በተፈራረቁበት ነበር። ያልሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ጉልበት ነበረ፤ መንገድ የሚያሳይ አልነበረም።

መንገድ የሚያሳይ ሰው ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ወደ አርሲ መሻገር ይበቃል። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። አቶ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ግን በዚያች ከተማ ሜዳ ላይ ልጆችን ሰብስበው ማሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ፥ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፥ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማ ወጡ። የሻምበል አበበ ቢቂላም ነገር እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው ጀግና፥ ከኋላው ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበሩት። ዓለም ባዶ እግሩን አየ፤ ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ የተሰለፈውን የልምምድ ቀመር ግን ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ጎጃምም ቢሆን መካን አይደለም። የሰከላዋ ልጅ ውዴ አያሌው በ2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝታለች። አንዲት ውዴ ከተገኘች ሌሎች ዐሥር ውዴዎች በየቀዬው ውኃ እየቀዱ የቀሩ መሆናቸውን ማን ይጠራጠራል?

ከመካከላችን አንዱ የሞጣ ልጅ ነው። በትምህርት ቤት ውድድር ሁሉን እየቀደመ አራት ዓመት አሸነፈ። አሠልጣኝ ነኝ ያለ አንድ ሰው ከአባቱ የአንድ በሬ ዋጋ ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው፤ በሦስተኛው ወር የሰውየው ስልክ መልስ መስጠት አቆመ። ልጁ ተስፋ አልቈረጠም፤ በእልህ በየቀኑ፥ በባዶ ሆድ፥ በሙሉ ኀይሉ ሮጠ። በመጨረሻ የቅልጥሙ አጥንት ተሰነጠቀ። ዛሬ ከእኛ ጋር ይማራል፤ የመኝታ ቤታችንን ደረጃ ሲወጣ ግን ግድግዳውን ይደገፋል። ይህን ልጅ የሰበረው ስንፍና አይደለም፤ ትጋቱን የሚያርቅለት ሰው ማጣቱ ነው።

አሠልጣኝ የሚያውቀው ምሥጢር ደግሞ እጅግ የረቀቀ አይደለም። ከባድ ቀን በቀላል ቀን ይከተላል፤ ሰውነት የሚጠነክረው በሚሮጥበት ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ በሚያርፍበት ሰዓት ነውና። በሳምንት አንድ ረጅም ሩጫ፥ አንድ ዳገት፥ አንድ ፈጣን ልምምድ ይበቃል፤ የቀረው በዝግታ፥ እያወሩ የሚሮጡት ሩጫ ነው። ርቀቱም የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው። በስስ አየር እግር የሚፈለገውን ያህል ስለማይፈጥን፥ አልፎ አልፎ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ፍጥነትን መለማመድ ይጠቅማል፤ ለዚህም ዐባይ ሸለቆ ከደጃችን ነው፤ ሙቀቱን የሚፈራ በማለዳ ይውረድ። የልጃገረዶች ደም በብረት ማዕድን ጕድለት እንዳይደክም ምግባቸውን መጠበቅም የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ከዚህ አልፈው ስለ ትራያትሎን ያነሣሉ። ይህ ስፖርት ዋናን፥ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት አከታትሎ የሚያስኬድ ሲሆን፥ ረጅሙ ዐይነት በ1970 ዓ.ም. በሃዋይ ተጀምሮ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፥ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና ሙሉ ማራቶን ይጠይቃል። አጭሩ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሲድኒ ኦሎምፒክ ገብቷል። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ተሳትፏል። ስለዚህ ከሦስቱ ሁለቱ እንግዳ አይደሉብንም። ሦስተኛው ግን ዋና ነው፤ ዋና ደግሞ በሳንባ ብርታት ብቻ አይገፋም፤ ገንዳና በልጅነት የሚያርም ዐይን ይፈልጋል። ትራያትሎን የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ ተፈጥሮ የሰጠን ሩጫ እንኳ አሠልጣኝ ካላገኘ እንደማንችለው ዋና ይሆንብናል። ሕልሙን አንነቅፍም፤ ግን በመጀመሪያ በሜዳው አንድ መምህር ይቁም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዝም ብሎ ማማረር የተማሪ ወግ አይደለምና የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹም በአስተማሪነት አገልግለዋል። ያ ልማድ በስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ይታደስ። ክረምቱን በቢቸናና በሞጣ ሜዳ የሚያሳልፉ ፈቃደኞችን ማኅበራችን ይመዝግብ።

ሁለተኛ፥ በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ መዋሉ ይቅር። አንድ መምህር፥ አንድ የእጅ ሰዓት፥ አንድ መዝገብ ይበቃል፤ ልጁ ባለፈው ወር ስንት ሮጠ፥ ዛሬስ ስንት የሚለውን የሚጽፍ ሰው ከተገኘ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ሦስተኛ፥ ልጅን ወደ አዲስ አበባ እወስዳለሁ የሚል ሁሉ በትምህርት ቤቱና በወላጅ ፊት ማንነቱን ያስመስክር። የማንም አባት በሬውን ሸጦ ልጁን በቅልጥም ስብራት አይረከብ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት መንደር ወደ ደወል የሚሮጥ ልጅ የለም። ልጅ ከጥይት ሸሽቶ ሳይሆን ደወል ሊቀድም የሚሮጥበት ማለዳ ይመለስ ዘንድ መጠየቅ የስፖርትም ጥያቄ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ክረምት እየቀረበ ነው። ወደየቤታችን ስንመለስ ከመጻሕፍታችን ጋር አንድ የእጅ ሰዓት እንያዝ፤ በማለዳም ከመንገዱ ዳር ቆመን የሚያልፈውን ልጅ ስሙን እንጠይቀው።