ሽማግሌ የላከው ልጅና የፌስቡክ ጽሑፉ

ከአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ አንድ አባት ጥያቄ ልከውልናል። ለልጃቸው ኒካሕ ሽማግሌ የላከው ወጣት በፌስቡክ ገጹ የሌኒንን ሥዕል ለጥፎ፣ «ባለሀብት ይውደም» ብሎ ጽፏል። «እንዲህ የሚጽፍ ልበ ደንዳና ነው፤ አላህንም አይፈራም። እምቢ ልበል?» ይላሉ።

የተከበሩ አባታችን፣ ሥጋትዎ ይገባናል፤ ወሎ የእነዚህን ቃላት ዘመን ያውቀዋል። በ1969 ዓ.ም. የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ስለ ጭቁኑ የሚጽፉት በአንድ ቋንቋ ነበር። ደርግም ያንኑ ቋንቋ ይናገር ነበር። ከቃሉ ብቻ ማን ገዳይ፣ ማን ርኅሩኅ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። (ኪሱ ውስጥ በራሪ ወረቀት ተገኘ ተብሎ የተረሸነ ልጅ ያለቀሰለት ቤት ስንት ነው!)

ዑመር (ረ.ዐ) ለሌላ ሰው ጠባይ ሊመሰክር የመጣን ሰው፣ ጎረቤቱ መሆኑን፣ አብሮት መጓዙን፣ በገንዘብ መገበያየቱን እንደጠየቁት ይነገራል። እርስዎም አብሮት የተማረውን፣ ያበደረውን፣ ለእናቱ ያለውን ጠባይ የሚያውቅ ጎረቤት ይጠይቁ።

እምነቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሌኒን ትምህርት ፈጣሪን ይክዳል፤ አላህን ለካደ ሰው ደግሞ ሙስሊም ሴት አትዳርም። ይህን ከሥዕል አይገምቱ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ራሱን ይጠይቁት፤ ፈርቶ እንዳይሸፍን በለሰለሰ ቃል ይሁን።

ልጅትዋንም ይጠይቋት። በደብዳቤዎ ስለ እርሷ ሐሳብ አንድ ቃል አላገኘንም።