ሳይቃጠል በቅጠል

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ትርጓሜውም፥ እሳት ገና ትንሽ ሳለ በእፍኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን የአገሩ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ለማቆም ያስቸግራል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ምሳሌ የምናነሣው የጥድን ዛፍ በቁሙ ስለሚያደርቅ አንድ ጥቃቅን ተባይ ለመናገር ነው።

ተባዩ የጥድ ክሽክሽ ይባላል። ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ መልኩም ቡናማ ስለ ሆነ ከዛፉ ቅርፊት ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በቅርንጫፎቹ ላይ በመንጋ ተሰብስቦ የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ምራቁ ዛፉን ስለሚመርዘው ቅጠሉ በመጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፥ ኋላም ቡናማ መስሎ ይደርቃል። እንስቲቱ ያለ ወንድ ስለምትራባ፥ ከአንዲት ክሽክሽ ብዙ መንጋ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ተባይ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። በአህጉራችን በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ነው። በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ ከ2000 በኋላም በኢትዮጵያ ታየ። በኬንያ ደጋማ አገሮች የፈረንጅ ጥድ ለሣንቃም፥ ለእርሻ አጥርም የሚተከል ስለ ሆነ ጉዳቱ ከመንግሥት ደን አልፎ እስከ ገበሬው ደጃፍ ደረሰ። በ1990 ገደማ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የገደላቸው ዛፎች ዋጋ 44 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚሆን ባለሙያዎች ገምተዋል።

ታዲያ ይህን ያህል አገር እንዴት አቋረጠ? ክንፍ ያለው ክሽክሽ በነፋስ ይጓዛል። ነገር ግን ሰውም ሳያውቅ ችግኝና እርጥብ ቅርንጫፍ ከቦታ ወደ ቦታ ሲያጓጉዝ ተባዩን ተሸክሞ ሊወስደው ይችላል። ነፋስን ማገድ አይቻልም፤ ችግኝ የጫነን መኪና ግን ማስቆምና መመርመር ይቻላል።

ሰፊውን ደን ሁሉ መድኃኒት መርጨት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፥ ጠቃሚዎቹንም ነፍሳት ያጠፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች የተባዩን የተፈጥሮ ጠላት ፈለጉ። ይኸውም እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ የምትጥል ትንሽ ተርብ ናት፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ይገድለዋል። ተርቢቱ በማላዊ የተለቀቀችው በ1994 ነው። አንባቢያችን ዘመኑን ይቍጠር፤ ተባዩ ከታየ 8 ዓመት አልፏል። ተርቢቱ የተረፈውን ዛፍ ትጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ የደረቀውን አታለመልምም።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ተባዩ ከመድረሱ በፊት ነው። የአውራጃ ሹማምንት የችግኝ ጣቢያዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ፥ ተባይ ከታየበት ቦታም ችግኝ እንዳይወጣ ቢያደርጉ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ደን ሲተከልም አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል አይገባም፤ ተባዩ የሚወደው ዛፍ ሰፊ ቦታ ከያዘ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለጥፋት ይጋለጣልና።

በየቤቱ ያለውም ሰው ድርሻ አለው። የጥድ አጥር ያላቸው ቤተ ሰቦች በተለይ በበጋ ቅርንጫፎቹን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ጉንዳን በብዛት ሲመላለስ፥ ቅርንጫፉም እንደ ጥላሸት ሲጠቍር ቢያዩ፥ ለአካባቢው የግብርና ባለሙያ ፈጥነው ያስታውቁ። ለገና ቤት ለማስጌጥ የሚቈረጠውንም ጥድ ከሩቅ አገር ከማስመጣት ይልቅ በቅርብ ከተገኘው መጠቀም ይሻላል። ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ ነው፤ ቀላል የሚሆነው ግን በጊዜው ሲሠራ ነው።