ትንሿ ሽጉጥ ማታ የት ታድራለች?

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ በተለይ ሌሊት ታክሲ የምትነዱና ሱቅ የምትሠሩ፣ «ከልብስ ሥር የማትታይ የትኛዋ ሽጉጥ ትሻላለች?» ስትባባሉ እሰማለሁ። ግሎክ 19 ናት፤ የለም፣ ሲግ ፒ365 ትቀላለች... ስለ ክብደቷና ስለምትይዘው ጥይት እንዲህ እየተከራከራችሁ ቤት ስትገቡ የት እንደምትቀመጥ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይጥፋ?

ግሎክ 19 በአውራ ጣት የሚገፋ መቆለፊያ የላትም። ጥይት ከተቀባበለ ቃታውን የሳበ ሁሉ ይተኩሳል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ስቦ ሰው የገደለበት ጊዜም አለ። «ልጄ ያለችበትን አያውቅም» አትበሉኝ። ከረሜላ የምትደብቁበትን የሚያውቅ ልጅ! ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው የመኪና አደጋ ወይም ካንሰር ሳይሆን የጦር መሣሪያ ነው።

ስለ ጎረምሶቹማ ጭራሽ አይወራም። እኛ ዘንድ ድብርት «ስንፍና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ራሱን ለማጥፋት መድኃኒት የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ሽጉጥ ካነሱት ግን ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ይሞታሉ፤ እኛ ሐኪሞች ልንደርስላቸው አንችልም።

መግዛታችሁ ካልቀረ የካዝናውን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። ቤት ስትገቡ ጥይቱን አውጡና ሽጉጡንም ጥይቱንም ለየብቻ ቆልፉ። ትራስ ሥር፣ የእናት ቦርሳ፣ የመኪና ኪስ ካዝና አይደሉም። ቤት ውስጥ የከፋው ሰው ካለ ደግሞ ሽጉጡ ከቤት ይውጣ፤ ዛሬውኑ። ልጃችሁ «መኖር አስጠላኝ» ካለ አሜሪካ ውስጥ ቀንም ሌሊትም 988 ላይ ደውሉ።