ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ባል

ልጆች ከተኙ በኋላ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ፊልም ማየታቸው መልካም ነው። ግን ፊልሙ ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ? ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ወደ መኝታ ትሄዳላችሁ ወይስ ስላያችሁት ነገር ትነጋገራላችሁ? በዛሬው እትም የምናነሳው ፊልም ሳይነጋገሩበት ለመተኛት አይመችም።

ፊልሙ «ትሩ ላይስ» ይባላል፤ «እውነተኛ ውሸቶች» እንደ ማለት ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ጄምስ ካሜሮን ሲሆን፣ ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ታሪኩ የተወሰደው ክሎድ ዚዲ እ.ኤ.አ. በ1991 ከሠራው «ላ ቶታል» ከተባለ የፈረንሳይ አስቂኝ ፊልም ነው። ብዙዎቻችሁ በስሙ ብቻ የምታውቁት አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ባልየውን፣ ጄሚ ሊ ከርቲስ ደግሞ ሚስትየዋን ሆነው ይጫወታሉ። ዕድሜ ጠገብ ፊልም ስለሆነ ታሪኩን ሳንደብቅ እንነጋገርበታለን።

ሃሪ ታስከር ለሚስቱ ለሄለን የኮምፒዩተር ሻጭ ነው። በእውነቱ ግን የመንግሥት ሰላይ ነው። አሸባሪ ሲያሳድድ አምሽቶ፣ ሚስቱና ልጁ ያዘጋጁለት የልደት ግብዣ ያመልጠዋል። በማግስቱ ሊክሳት አስቦ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሲሄድ፣ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ በድብቅ ስትነጋገር ይሰማታል። ታሪኩ የሚጠማዘዘው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ያገለገሉ መኪኖችን የሚሸጥ ተራ ሰው ሲሆን፣ ሄለንን የሚያማልላት «እኔ ሰላይ ነኝ» እያለ ነው! እውነተኛው ሰላይ በቤቱ ሻጭ ነኝ ይላል፤ እውነተኛው ሻጭ ደግሞ በውጭ ሰላይ ነኝ ይላል። በሁለቱም መካከል የምትታለለው አንዲት ሴት ናት።

የፊልሙ ጠንካራ ጎኖች

የመጀመሪያው ጥንካሬው ሳቁ ከታሪኩ ውስጥ የሚፈልቅ መሆኑ ነው። ተመልካቹ የሚያውቀውን ሄለን አታውቅም፤ ስለዚህ ባልየው ስለ ሥራ ውሎው ሲያወራ እንስቃለን፣ ግን ደግሞ እናዝንላታለን። ሁለተኛው የጄሚ ሊ ከርቲስ ትወና ነው። ከዓይን አፋር የቢሮ ሠራተኛነት ተነስታ ደፋር ሴት እስክትሆን ድረስ ያለውን ለውጥ በሚታመን መንገድ አሳይታለች፤ ለዚህም የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝታበታለች። ሦስተኛው የድርጊቱ ትዕይንት ነው። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል የሚባልለት ይህ ፊልም፣ በፍሎሪዳ ድልድይ ላይ የሚደረገውን ማሳደድና በማያሚ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን የጦር አውሮፕላን ዛሬም ትንፋሽ በሚያሳጥር መልኩ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ እውነት ይዟል። ሄለን ያንን ሰው የተከተለችው ባሏን ጠልታ አይደለም። የሚፈልጋትና የሚያምናት፣ አንድ ቁም ነገር አደራ የሚሰጣት ሰው ስላጣች ነው። ባሏ ዓለምን ሲያድን፣ በገዛ ቤቱ ያለችውን ሰው ሳያያት ቀርቷል።

ደካማ ጎኖቹ

ከድክመቶቹ አንዱ ርዝመቱ ነው። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ መሐል ላይ ሃሪ ሚስቱን ሲከታተል የአሸባሪዎቹ ታሪክ ጨርሶ ይረሳል። ሌላው ክፉዎቹን የሚስልበት መንገድ ነው። አረቦቹ ከሞላ ጎደል የሚጮሁና የሚሞቱ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ በዚህም የተነሳ በአሜሪካ የሚኖሩ የአረብ ተወላጆች ማኅበራት በጊዜው ተቃውሞ አሰምተዋል። አንድን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ቀለም መቀባት ለሳቅ ሲባል እንኳ ተገቢ አይደለም። አንድ መሣሪያ ደረጃ ላይ እየተንከባለለ በራሱ እየተኮሰ ሰዎችን ሲረፈርፍ እንድንስቅ መጠበቁም እንዲሁ። ፊልሙ ለልጆች ጨርሶ አይሆንም።

ትልቁ ድክመት ግን እኛን ባለትዳሮችን የሚመለከተው ነው። ሃሪ ሚስቱን ሲጠረጥር አልጠየቃትም። ስልኳን አስጠለፈ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አስከተላት፣ ጭምብል ባጠለቁ ሰዎች አስያዛት። ከዚያም እሷ በማታየው መስታወት ጀርባ ተቀምጦ፣ ድምፁን በመሣሪያ ለውጦ መረመራት። ያ ሳይበቃው የስለላ ተልእኮ ነው ብሎ ወደ ሆቴል ላካትና፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ለማታውቀው ሰው የምትጨፍር እየመሰላት አስጨፈራት። አዳራሹ ይስቃል። እስቲ እናንተ ግን በእሷ ቦታ ሁናችሁ እዩት። ሌሎች በስህተቷ ሲፈርዱባት፣ የእሱ የዓመታት ውሸት ግን እንደ ጀግንነት ተቆጥሮለታል። ፊልሙ እዚህ ላይ ቆም ብሎ አይጠይቅም፤ ወደ ፍንዳታው ይሮጣል።

ሃሪ እውነቱን የሚናገረው መቼ እንደሆነ አስተውላችኋል? አሸባሪዎች ይዘውት እውነት የሚያናግር መድኃኒት ሲወጉት ነው! በራሱ ፈቃድ አንድም ቀን አልነገራትም። በመጨረሻ ባልና ሚስቱ አብረው ሰላዮች ሆነው ታንጎ ሲደንሱ እናያለን። መጀመሪያ ላይ ሃሪ ታንጎ የደነሰው ከሌላ ሴት ጋር ነበርና አጨራረሱ ያምራል። ግን ትዳራቸውን ያዳነው እውነት መነጋገራቸው ነው ወይስ አብረው ከሞት ማምለጣቸው? በእኛ ቤት የጦር አውሮፕላን መጥቶ አያስታርቀንም።

እኔና ባለቤቴ ይህን ፊልም አይተን ስንጨርስ፣ «አንተስ የምትነግረኝ ነገር የለህም?» ብላ እየሳቀች ጠየቀችኝ። ለወንድሜ ያበደርኩትንና ሳልነግራት የቆየሁትን ገንዘብ ያን ማታ ነገርኳት። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ያስከፋት መጠኑ ሳይሆን ወራት ማለፋቸው ነበር። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አልኳት። ሃሪም ቢጠየቅ ይህንኑ ሳይል አይቀርም። ለሁለት ቀን ቤታችን ዝም አለ፤ በሦስተኛው ቀን አብረን ጸለይንና ሒሳባችንን አብረን መጻፍ ጀመርን።

እናንተስ? የትዳር ጓደኛችሁን ስልክ በድብቅ የምታዩ ከሆነ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣችኋል። «ለእሷ ብዬ ነው»፣ «ለእሱ ብዬ ነው» እያላችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለም እንዲሁ። መርማሪ አትሁኑ፤ ወጥታችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡና ጠይቁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን መጀመሪያ የራሳችሁን ተናገሩ።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።